የጭድ ሆድ

ድርቁ ሲበረታ ደርበው ሆዱን በበሬ ሆድ አስቀየረ፤ ያለችው እህል ለሚስቱ ለዘነበችና ለልጃቸው እንድትተርፍ ብሎ ነው። አሁን እንደ በሬ ጭድ በልቶ ሲያመሰኳ ይውላል። እህል ከቀመሰ ግን ሆዱ ውስጥ ቦክቶ ይነፋዋል፤ እንደሱ ሆዱን ያስቀየረ ጎረቤታቸው ባለፈው ሳምንት በአንድ ጭብጥ ቆሎ ሞቷል።

ልጃቸው ማስተዋል ይህን አታውቅም። ዛሬ አምስት ዓመት ሞላት። እንጀራ ጠቅልላ ወደ አባቷ አፍ ዘረጋች።

«አባዬ፣ በሞቴ።»

«ጠግቤያለሁ፣ የኔ እናት።»

«ሁልጊዜ እንደዚህ ትላለህ። እኔን አትወደኝም።»

ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አይቶ አፉን ከፈተ።

«ደርበው፣ ተው» አለች ዘነበች ቀስ ብላ።

እሱ ግን ዋጠው። ማስተዋል ሳቀች፤ ሌላ መጠቅለል ጀመረች።

«በአንድማ እንጣላለን።»

እየሳቀ አፉን ድጋሚ ከፈተ። ዘነበች ከኋላው መጥታ ቀበቶውን አላላችለት።