የማይነቀለው ጨዋታ

የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት ያን ጨዋታ ከቢሮው ኮምፒውተር ላይ ሲያጠፉ ይህ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። ቆጥረዋል። ሁሉን ነገር ስለሚቆጥሩ ሠራተኞቹ በሌሉበት «ቆጣሪው» ይሏቸዋል። በአንዲት መጋዝ ጀምረው ሃያ ሁለት ሠራተኛ ለማስተዳደር የበቁት ሳንቃውን፣ ማጠፊያውን፣ የሰዉን የሻይ ዕረፍት ሳይቀር ቆጥረው ነው።

ጨዋታው የልጅ ነገር ነው። የተገለበጡ ካርዶች ይደረደራሉ፤ እየገለጡ ቁልፍን ከቁልፍ፣ ጫማን ከጫማ ማገናኘት ነው። አዋቂ ሰው በሥራ ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር ላይ እንደሚያፈጥ ሲያስቡ ደማቸው ይፈላል።

ኮምፒውተሩን የሚነኩት እሳቸውና ጸሐፊዋ ብቻ ናቸው። ከሁለት አንድ ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ነገር ማነው የመለሰው?»

ጸሐፊዋ ከትእዛዝ መዝገቡ ላይ ቀና አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራቸው ሠርታለች።

«ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ፣ ጋሼ።»

«ሻይ መቼ አዘዝኩ?»

«አሁን ነው፣ ጋሼ።»

ቆጣሪው ሻዩን አዩት። ወሬ ማስቀየስ ታውቅበታለች።

የኮምፒውተር ጠጋኙን አስጠሩት። ቦርሳውን አንግቶ መጣና ማንንም ሳይጠይቅ በጠረጴዛው ስር ጎንበስ ብሎ የላላውን ሶኬት ገፋ አደረገው።

«ቅርንጫፉን እኔም ቆርጬዋለሁ» አሉት። «አንተ ከሥሩ ንቀልልኝ።»

ጠጋኙ ጸሐፊዋን አየት አደረገ። እሷም በስሱ ራሷን ነቀነቀች። ይህ ቆጣሪውን አላመለጣቸውም፤ ሁለቱ ተመሳጥረዋል።

ጠጋኙ ፕሮግራሙን አጠፋ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ጨዋታው ቦታው ላይ ተገትሯል። እንደገና ቢሞክር «በሥራ ላይ ስለሆነ ሊጠፋ አይችልም» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ማን ነው የሚሠራበት? እኔ እዚሁ ቆሜያለሁ!»

«ፕሮግራሙ ሲጠፋ ፋይሉ ይቀራል፣ ጋሼ። ፋይሉ ሲጠፋ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚቀሰቅሰው ትእዛዝ ይቀራል።»

«ቆይ፣ ከማጥፋትህ በፊት ውጤቱን አሳየኝ።»

ጠጋኙ አመነታ፤ ከዚያ ከፈተላቸው። ተጫዋቹ በየቀኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ለግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። እሳቸው በዚያ ሰዓት ግቢ ውስጥ ሳንቃ ቆጠራ ላይ ናቸው፤ በዚህ እርግጠኛ ናቸው። መጀመሪያ ሳምንት ሠላሳ አራት ጥንድ፤ ቀጥሎ ሃያ ስድስት፤ ከዚያ አሥራ ዘጠኝ፤ ትናንት አሥራ አንድ።

ቆጣሪው ሳቁ። «ለስንፍናዋም እንኳ አልበረታችም! እየዋለ እያደረ ይብስባታል እንጂ።»

ሌላ የሳቀ የለም። ጸሐፊዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጠጋኙ ሥራውን ጨርሶ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው። ጨዋታው የለም። ቦርሳውን ሲያነሳ ዓይናቸውን ሽሽት አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ቆጣሪው ቤት ላሉት ባለቤታቸው ደወሉ።

«ጸሐፊዋን ዛሬ ላሰናብታት ነው።»

«እሺ» አሉ ባለቤታቸው። «አሰናብታት።»

ለምን ብለው እንኳ አልጠየቁም። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚያውቋት ሴት ናት፤ ልጆቻቸውን ድራለች፣ ሐዘናቸው ላይ ተቀምጣለች። ቢሆንም ቆጣሪው ደስ አላቸው። ቢያንስ አንድ ሰው ከጎናቸው ቆሟል።

የስንብቱን ደብዳቤ በእጃቸው ጻፉት። በሥራ ሰዓት ስለመጫወት፣ እምነት ስለማጉደል። ጸሐፊዋ ቆማ አነበበችው። እንደሚጠብቁት አላለቀሰችም፣ አልተማጸነችም። አራት ቦታ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ሌላ የሚያዙኝ ነገር አለ፣ ጋሼ?»

«የምን ኪስ ነው? እዚህ ቤት ወረቀት እንደማይጣል ረሳሽው? ፋይልሽ ውስጥ አስገቢው።»

«ነገ አስገባዋለሁ።»

«ነገ? ምን ነገ አለሽና!»

ደብዳቤውን ተቀብለዋት ወደ ብረት ቁም ሳጥኑ ሄዱ። «ይተዉት፣ ጋሼ፣ እኔ...» ስትል ሰሟት፤ ከኋላቸው በሩጫ መጣች። ይኸውልህ፣ ነካኋት፣ አሉ በሆዳቸው። ፋይሏን አውጥተው ከፈቱት።

ከላይ አንድ ደብዳቤ አለ። ከሥሩ ሌላ። ቆጠሩ፤ ስድስት። ደግመው ቆጠሩ። ስድስቱም የስንብት ደብዳቤ ናቸው፤ ስድስቱም በሥራ ሰዓት ስለመጫወትና እምነት ስለማጉደል ያወራሉ፤ ስድስቱም በገዛ እጃቸው ተጽፈው በገዛ እጃቸው ተፈርመዋል።

በእያንዳንዱ ግርጌ ላይ ደግሞ የባለቤታቸው እጅ ጽሑፍ አለ፦ «ነገ ይረሳዋል፤ አደራሽን እንዳትቀሪ። ሐኪሙ ያዘዘለትን ጨዋታ መልሰሽ ጫኚለትና አራት ሰዓት ላይ አጫውቺው።»