ሁለቱም እጆች መሪው ላይ

አዋላጇ ከአውቶቡሱ ሦስተኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሹፌሩን ቀኝ እጅ ትከታተላለች። እጁ መሪው ላይ የለም፤ ስልክ ይዟል።

ከጎኗ ልጇ የስምንት ወር ሆዷን አቅፋ ተኝታለች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ አይደለም፤ ሦስተኛዋ ነው። እዚህ ድረስ የዘለቀላት ግን ይኸው ብቻ ነው። እናትየው ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ ስታዋልድ ኖራ ጡረታ የወጣች ናት፤ ይህን አንዱን በገዛ እጇ ልትቀበል ልጇን ወደ ቤቷ ይዛ መሄዷ ነው። መንገዱ ወደ ገደሉ መውረድ ጀምሯል።

«አዎ፣ እመቤቴ» ይላል ሹፌሩ በስልኩ። «ልክ ነዎት፤ በጣም አጥፍቷል። እኔ ራሴ ልክ አስገባዋለሁ።»

«አማቱ ናት» አለ ከኋላ የተቀመጠው የጨርቅ ነጋዴ። «ወንድ እንዲህ የሚሽቆጠቆጠው ለአማቱ ብቻ ነው።» ይህን ብሎ በስልኩ ወደሚያየው ቪዲዮ ተመለሰ። ድምፁ ለአውቶቡሱ ሁሉ ይበቃል።

«ጌታው፣ ጆሮ ያለን ሌሎችም አለን፤ ቀንሰው» አለችው አዋላጇ።

«እማማ፣ ቤተ መጻሕፍት መሰለዎት እንዴ?»

«ቤተ መጻሕፍት ቢሆንማ አንተን ምን ያመጣህ ነበር?»

ሰው ሳቀ። ነጋዴው እያጉረመረመ ቀነሰ።

የሹፌሩ ስልክ እንደገና ጮኸ። «ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ጋሼ። ሁለተኛ አይደገምም» አለ፣ መሪውን በአንድ እጁ እየጠመዘዘ።

«አሁን ደግሞ ባልዋ ተቀበላት!» አለ ነጋዴው።

ጎማው አስፋልቱን ለቆ ጠጠሩ ላይ ተንገጫገጨ። ልጅቷ ባንና ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። አዋላጇ ብድግ አለች።

«እማዬ፣ ተይ በናትሽ፤ ያወርደናል።»

«ያውርደን። በእግሩ ሄዶ ገደል የገባ ሰው አላየሁም።»

የወንበሮቹን ብረት እየያዘች ከሹፌሩ ትከሻ አጠገብ ደረሰች።

«አንተ ሰው፣ ስልኩን አስቀምጥ!»

«የሁለት ሰው ሥራ ይዤ ነው፣ እማማ፤ ይቀመጡ።»

«በአንድ እጅ?»

ሽበታሙ ትኬት ቆራጭ መሃል ገባ። «ይተዉት፣ እትዬ። ካላነሳ እንጀራው ይዘጋል።»

«ካነሳ ደግሞ የሁላችንም ይዘጋል!»

ትኬት ቆራጩ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ።

«እስክታስቀምጠው ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለች ለሹፌሩ። «ካሰኘህ አውርደኝ፤ ተሸክመህ ነው ግን የምታወርደኝ።»

ሹፌሩ በመስታወቱ አያት። ጥርሱን ነክሶ ጥሪውን ዘጋ፤ ስልኩን ከፊት መስኮቱ ሥር ወረወረና ሁለቱንም እጆቹን መሪው ላይ አደረገ።

«ይኸው! ደስ አለዎት? ከዚህ በላይ ከፈለጉ ለድርጅቱ አቤት ይበሉ። ቁጥሩ በሩ ላይ ተጽፎልዎታል።»

«እላለሁ!»

«ማን ሊያነሳው!» አለ ነጋዴው። «ለጌጥ የጻፉት ነው።»

አዋላጇ ወደ ቦታዋ ተመልሳ መነጽሯን አደረገች፤ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች።

«አስቀመጠው እኮ፣ እማዬ» አለች ልጇ። «በቃ ተይው፤ አሸንፈሻል።»

«ለዛሬ። ነገ የሌላ ሰው ልጅ ጭኖ ሲወርድስ? ይህችን ወሬ አለቆቹ ሳይሰሟት አልቀመጥም።»

በሩ ላይ የተጻፈውን እያየች ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነካች። አውቶቡሱ ክፉውን ጠመዝማዛ፣ ከበታቹ ወንዙ ብቻ የሚታየውን፣ ሊጀምር ነው። ስልኳ ጠራ። አንዴ። ሁለቴ። ተነሣላት።

«ሃሎ፣ የቅሬታ ክፍል፤ ምን ልታዘዝ?» አለ ሹፌሩ፣ ቀኝ እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ።