የቅሬው ቃሬዛ

ቃሬዛው ከመሬት ብድግ ሲል ሰልሰቢል ሳቋ አመለጣት።

«ምጥ የያዛት ሴት ትስቃለች እንዴ?» አላት ዶክተር ይሄነው፣ ጋቢውን እስከ አናቷ እየሳበ። «መኪና መንገዱ ጋ እስክንደርስ ትንፍሽ እንዳትይ። ራስሽን ስተሻል። ውጤት አለው!»

ትምህርቱ «ዓለም አቀፍ ጤና» ይባላል። ዶክተሩ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ከርሟል፦ እናቶች በዓለም ዙሪያ የሚሞቱት በመዘግየት ነው፤ ከቤት ለመውጣት ይዘገያል፣ መንገድ ላይ ይዘገያል፣ ሐኪም ፊት ተደርሶም ይዘገያል። ዛሬ ደግሞ መንገዱን በእግራችሁ እዩት ብሎ የሕክምና ተማሪዎቹን ከመካነ ሰላም ከተማ እስከ ከላላ ወረዳ ገጠር ድረስ ይዟቸው መጣ። የመንደሩ እድር፣ የቅሬው ዳኛ አያ ካሳ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በሽተኛውን የሚያወጣበትን፣ ሬሳውንም የሚሸኝበትን ያንኑ አንድ ቃሬዛ ፈቀዱላቸው። ወላድ ሆና የምትተኛ ስትፈለግ ጣት ሁሉ የደሴዋ ልጅ ሰልሰቢል ላይ ተቀሰረ፤ ከሁሉም ቀላል እሷ ናታ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። አራቱ ተሸካሚዎች ነገሩን ያውቃሉ፤ «ወንድ ከሆነ በስማችን ትሰይሚልናለሽ» እያሉ ይቀልዱባታል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ሌላ ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ሌላ። በዚያ አገር ቃሬዛ መንገድ ላይ ያገኘው ሰው መጀመሪያ ትከሻውን ይሰጣል፤ ማን እንደታመመ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ጥማዱን ፈትቶ መጣ፣ አንዱ በቅሎውን ለልጁ ትቶ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ተራ በተራ ተቀየሩና ወደ ኋላ ቀሩ፤ ጨዋታ መሆኑን የሚያውቅ ሰውም አብሮ ቀረ።

«ማን ናት?»

«እንጃ፣ ምጥ ነው አሉ። ድምጿም የለ!»

«ኧረ ማርያም ትፍታት!» አለች አንዲት ሴት፤ ሌላዋ «ያ አላህ፣ አንተ አቅልልላት» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሰልሰቢል ጋቢው ውስጥ ዓይኗን አፈጠጠች። እነሱም እየተጫወቱ ይሆን? አያ ካሳ አስጠንተዋቸው ይሆን? ለቅሶው ግን የጨዋታ አይመስልም። ልነሳ ብላ አሰበች፤ ብነሳ እነዚህ ሴቶች ምን ይሉኛል ብላ አፈረች። ልተኛ አለች፤ መተኛቱም አስጠላት።

«ልምምድ ነው! ቁሙ!» ይላል ዶክተሩ ከሩቅ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። እግሩ የከተማ እግር ነው፣ ዳገት ቁልቁለቱን ከየት ይችለዋል! ሐኪም ከኋላ ሲጮህ ያዩት ደግሞ ነገሩ ብሶ ነው ብለው ጭራሽ መሮጥ ጀመሩ።

ከአናቷ በኩል የተሸከመው ሰው ብቻ አልተቀየረም ነበር፤ ቁልቁለቱ ላይ ትከሻውን ከሰጠ ጀምሮ እንደገባ አለ። «ሳቢር፣ አምጣ እንጂ!» ይሉታል። «ግዴለም፣ ሂዱ» ይላል። አንዴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አብሽሪ እህቴ፣ ደርሰናል» አላት።

መኪና መንገዱ ጋ ሲያወርዷት ጋቢውን ገልጣ ቁጭ አለች። ሰዉ ሁሉ ክው አለ። አያ ካሳ ከኋላ ደርሰው ነገሩን ሲያስረዱ አንድ ባልቴት እንባቸውን እየጠረጉ ሁለቱንም ጉንጯን ሳሟት፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ዶክተሩ ዞረው፣ «በእንዲህ ያለ ነገር ይጫወታሉ? ወግድልኝ!» አሉት። ሳቅ ሆነ። ዶክተሩም ጉልበቱን ይዞ እያለከለከ ሳቀ።

ሳቢር አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ጎንበስ ብሎ የቃሬዛውን ጠፍር ይፈትሻል።

«ደህና ነሽ ማለት ነው?»

«ደህና ነኝ።» ሰልሰቢል መሬት መሬት አየች። «ለትምህርት ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለና ወደ አያ ካሳ ዞረ። «እንግዲያ ቃሬዛው ተለቋል፣ አያ?»

«ለማን ነው?»

«ለባለቤቴ፣ ለሩቂያ። ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። እርሶ ጋ ልጠይቅ ስሄድ እኮ መንገድ ላይ አገኘሁት።»

ሳቁ ቆመ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» የሰልሰቢል ድምፅ እንደ ጩኸት ሆኖ ወጣ። «ለምን አላስቆምከንም?»

ሳቢር ግራ ገብቶት አያት። ጥያቄው ጨርሶ ያልገባው ይመስላል።

«አንቺን የት ላስቀምጥሽ?» አላት።

ዶክተሩ የማዋለጃ ቦርሳውን ተማሪዎቹን ካመጣው መኪና መንጭቆ ዳገቱን ተያያዘው፤ ሰዎቹ ባዶውን ቃሬዛ አንስተው ወዲያው አለፉት። ሰልሰቢልም ቀሚሷን ሰብስባ ተከተለች። ሳቢር ከሁሉም ፊት ይሮጣል። እጁ ላይ ምንም የለም፤ ቀኝ ትከሻው ግን የሚሸከመው ያለ ይመስል አሁንም ዘመም ብሏል።