ለጨረታ የቀረበው ካፖርት

የሟች ባለቤቴን የአቶ ክብሩን ካፖርት በኢንተርኔት ለጨረታ አወጣሁት። ሮቤ ከተማ ልብስ የምትነግደው ዙሀይራ «ሰው ካልለበሰው ገዢ አይስብም» ብትለኝም፣ የሚለብስልኝ ስላልነበረ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ፎቶ አነሳሁት።

ጠዋት ተጫራቾች ተሻሙበት። አንዱ «ካፖርቱስ ያምራል፤ የለበሰው ሰውዬ ግን ምነው ጀርባውን ሰጠን?» ብሎ ቀለደ።

ከሁሉም የላቀ ዋጋ ያቀረበው አምባዬ ነበር። በጎባ መንገድ ክብሩን በመኪና ገጭቶ ጥሎት የሄደው፣ ፍርድ ቤት ቀርቦም «ሰውየውን አይቼው አላውቅም» ብሎ የማለው እሱ ነው። ለብቻዬ ጻፈልኝ።

«መምህርት፣ በማርያም! የፈለጉትን እከፍላለሁ፤ ፎቶውን ብቻ ያጥፉልኝ። ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል።»

ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ካፖርቱ የለም።

«ጨረታውን አሸንፈሃል» ብዬ መለስኩለት። «ራሱ ይዞልህ እየመጣ ነው።»