ሸዕባን በፈረንጅ ፊደል

«ሰዓትሽ አልቋል፣ ሂንድ። ተነሺ!» አሉ አሠልጣኙ አቶ የሻው፣ የኮምፒዩተሩን ማሸጊያ ሳጥን በእግራቸው እየገፉ።

ሂንድ አልተነሳችም። ከመጋዘኑ ውጭ የሾፌሩ የጋሽ አረጋ ላንድሮቨር ሞተሩ ተነስቶ ያጓራል። ለስድስት ሳምንት የታሰበው የፕሮግራም አጻጻፍ ሥልጠና በሦስተኛው ሳምንት እንዲቋረጥ ትናንት ከደሴ በሬዲዮ ታዟል። ውጊያው ወደ ላሊበላ እየቀረበ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ከስምንት ሰዓት በፊት ከከተማው መውጣት አለበት። አምስቱ ሠልጣኞች ከጧት ጀምሮ በጥድፊያ፣ አሥር አሥር ደቂቃ እየተቀመጡ ተፈተኑ። ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው፦ ስም ሲሰጡት በድርቁ ጊዜ ለሰፈራ ወደ ሌላ አገር የተወሰዱትን ሰዎች የዘንድሮ ዝርዝር አስሶ ሰውየው ያለበትን መንደር የሚናገር ፕሮግራም መጻፍ።

የሂንድ ፕሮግራም የታዘዘውን ስም ፈልጎ አገኘ። አቶ የሻውም «አለፍሽ» ብለዋታል።

እሷ ግን አሁን የምትጽፈው የወንድሟን ስም ነው። ሸዕባን በሰባ ሰባት ወደ ፍላቂት ገበያ እንደወጣ፣ ለሰፈራ ከተጫኑት ጋር ብቻውን ሄዶ ቀረ። ይኸው ሦስት ዓመት፣ ድምፁ የለም።

ኮምፒዩተሩም «የለም» አላት።

የሚያውቀው የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው፤ «ዐ» በምን ትጻፍ? አንድ «ኤ» ጨመረች። የለም። «ኢ» አስገባች። የለም።

«ምናለ!» አለች ዞር ሳትል። ዝርዝሩን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተሩ የገለበጠው፣ አሁን ከኋላዋ የቆመው ሠልጣኝ ምናለ ነው። «ሸዕባንን ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«እኔ ምኑን አስታውሼ? ሁለት ሺህ ስም እኮ ነው። እንደመሰለኝ ነው የጻፍኩት።»

የላንድሮቨሩ ጥሩምባ ጮኸ። ሂንድ ፕሮግራሙን መልሳ ገለጠችና አንዱን መስመር ማጥፋት ጀመረች።

«እንዳትነኪው!» አቶ የሻው ደነገጡ። «ደሴ ታይቶ ሠልጣኝ የሚመረጠው በእሱ ነው። ከተበላሸ አንቺ ትቀሪና ሥልጠናውን እዚያ የሚቀጥለው ሌላ ሰው ነው።»

«ይበላሻ፣ ጋሼ። ወንድሜ ነው።»

አቶ የሻው ወደ በሩ ሄዱና፣ «አረጋ! እያሰርን ነው፣ ትንሽ ታገሠን!» ብለው ተጣሩ። ሳጥኑ ግን ገና ባዶውን ተቀምጧል።

ሙሉው ስም ቀርቶ የሰውየውና የአባቱ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ እንዲመሳከር አደረገች። «ኤስ»ና «ኤ»። ቁልፉን ተጫነች።

ዲስኩ እንደ ወፍጮ እያጓራ የሚገጥሙትን ስሞች አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ ማውጣት ጀመረ። ሰይድ አሊ። ቆየት ብሎ፣ ሽፈራው አለሜ። አቶ የሻው ሰዓታቸውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ መልሰው ሰዓታቸውን አዩ። ስንዱ አያሌው። ጥሩምባው አሁን አላቋርጥ አለ።

ሳባን አባስ። ትውልድ፣ ፍላቂት። ሰፈራ፣ መተከል፣ መንደር አሥራ አራት።

«‹ኤች›ን ዘልያታለሁ» አለ ምናለ ድምፁ ሰልሎ። «ይቅር በይኝ።»

ሂንድ አልሰማችውም። አቶ የሻው ጎንበስ ብለው መስታወቱን አነበቡ፤ የለወጠችውንም መስመር አሰላሰሉት።

«ደሴ የምወስደው ይኼኛውን ነው» አሉና ፕሮግራሙን ካስቀመጡ በኋላ ገመዱን ሊነቅሉ ወደ ግድግዳው ሄዱ።

«ቆይ፣ ጋሼ! በአላህ፣ አንዴ!»

እስከ መስመሩ መጨረሻ ድረስ አላነበበችም ነበር። እዚያ፣ ጥግ ላይ፣ የቤተሰብ ብዛት የሚለው ቦታ ላይ አንዲት ቁጥር አለች። ብቻውን ለሄደው ሸዕባን፣ ሦስት።

ሂንድ ጣቷን ቁጥሯ ላይ አሳረፈች። መስታወቱ ይሞቃል።