በር ላይ የተለጠፈው ስም

«የእርስዎማ ስም ሲጻፍ ራሱ 'በላ' ነው የሚል...»

ንብረት ይህን ሲል ሱቁ በር ላይ የቆመው ገበያተኛ ሁሉ ሳቀ።

አያ ላቀው ግን አልሳቁም...

ነገሩ እንዲህ ነው።

ንብረት ፍኖተ ሰላም ውስጥ የእናቱን ሱቅ ይዞ ነበር። እናቱ እትዬ አስካለ ማርያም ለጸበል ግሽ ዓባይ ከሄዱ ሰንብተዋል፤ ስልካቸውም አይሠራም።

ሱቁ ተራቁቷል። ስኳር የለ፣ ዘይት የለ... ያለው ዱቤ ብቻ ነው።

እትዬ አስካለ ዱቤ የወሰደ ሰው ሲመዘግቡ ከስሙ ፊት «በ» ይጨምራሉ። «በምሥራቅ» ካሉ፣ ምሥራቅ የምትባለው ደንበኛ ላይ ገንዘብ አለን ማለት ነው።

ንብረት ታዲያ ምን አደረገ?

ከእናቱ ደብተር «በ» ያለበትን ስም ሁሉ ለቅሞ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፎ፣ በገበያ ቀን የሱቁ በር ላይ ለጠፈው። ጎበዝ ነጋዴ የሆነ መስሎታል እኮ...

ከስሞቹ አንዱ «በላቀው» ነበር። ስድስት ሺህ ብር።

አያ ላቀው የማንኩሳ ገበሬ ናቸው። ያን ቀን ለገበያ አንዲት በግ እየጎተቱ መጥተው፣ እትዬ አስካለ መመለሳቸውን ጠየቁ። ንብረት በመልስ ፈንታ ወረቀቱን አሳያቸው።

«እዳ የለብኝም፣ እንዲያውም...» ብለው ሳይጨርሱ ነው ንብረት ያን ቀልድ የወረወረባቸው።

አንገታቸውን ደፉ።

«እናትህ ትምጣና እንተያይ፣ ልጄ።»

«ደብተር አይዋሽም፣ አያ ላቀው። እስኪከፍሉ ስምዎ አይነሣም።»

አያ ላቀው በጊቱን ይዘው ሄዱ... ቆይተው ብቻቸውን ተመለሱ።

ስድስት ሺህ ብር ቆጥረው ሰጡት። ንብረትም ስማቸውን በእስክሪብቶ ሰረዘ።

እትዬ አስካለ ከጸበል ሲመለሱ ወረቀቱ እዚያው በሩ ላይ ነው። ጓዛቸውን እንኳ አላወረዱም።

«ላቀውን እዚህ ማን ለጠፈው?»

«እኔ ነኝ፣ እማ። ከፍለዋል እኮ።»

«ምኑን?»

ደብተሩን አመጣ። እናቱ ጣታቸውን ፊደሉ ላይ አሳረፉ።

«ይኼ 'በ' አይደለም... 'ለ' ነው። እጄ ተንቀጥቅጦ አናቱን አስፍቼው ነው። 'ለላቀው' ነው የሚል። እህሉን ሸጦ፣ ለሚስቱ ዓይን ማሳከሚያ እኔ ዘንድ ያስቀመጠው አደራ ነው።»

ንብረት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ...

ሰውዬው ስድስት ሺህ ብራቸውን ሊወስዱ መጥተው፣ በጋቸውን ሸጠው ሌላ ስድስት ሺህ ከፍለው ነው የሄዱት።

ንብረት በማግሥቱ አደራውንም የተቀበላቸውንም ብር ይዞ ማንኩሳ ወረደ።

በር ላይ የተቀመጡት የአያ ላቀው ሚስት ወይዘሮ ንግሥቴ ናቸው። ማን እንደሆነ በዓይናቸው አልለዩትም። የአስካለ ማርያም ልጅ ነኝ ሲላቸው ፊታቸው በራ።

«እሰይ... የባለ አደራችን ልጅ። ግባ ልጄ፣ ግባ።»

አያ ላቀው ለሚስታቸው እንኳ ጉዱን አልነገሩም ነበር። ብሩ አልደረሰም ብለው ነው ያለፉት። እስከዚያው ለዓይን ሕክምና ቡሬ መጥተው የነበሩት ሐኪሞች ወደመጡበት ተመልሰዋል።

አያ ላቀው ከጓሮ ሲመጡ ንብረት እግራቸው ላይ ወደቀ። ለምን እንዳልነገሩት እያለቀሰ ጠየቃቸው።

«ወረቀት የለኝ፣ ምስክር የለኝ። ሰው 'በላ' ብሎ እየሳቀብኝ 'አስቀምጫለሁ' ብል፣ ውሸታምም ትሉኝ ነበር።»

ብሩን ተቀብለው ቋጠሩት። ከዚያም...

«ወረቀቱን አነሣኸው?»

«ቀድጄዋለሁ፣ አያ።»

«ይሁን... ሰው ካነበበው በኋላ ነዋ።»

በሚቀጥለው ገበያ እዚያው የሱቁ በር ላይ ሌላ ወረቀት ተለጠፈ። «አያ ላቀው እዳ የለባቸውም። የሰው ስም የበላሁ እኔ ንብረት ነኝ» ይላል።

አንዳንዱ አነበበው። አብዛኛው ግን ዘይት ገብቷል ወይ ብሎ ጠይቆ አለፈ...

ወዳጆቼ... በዱቤ የምትሸጡ ሁሉ፣ ሰው ላይ ያላችሁንና የሰው ሆኖ እናንተ ዘንድ ያለውን በአንድ ገጽ አትቀላቅሉ፤ ለባለቤቱም የተፈረመ ወረቀት ስጡት። ብር በስሕተት ቢወሰድ ይመለሳል። የተሳቀበት ስም ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

ደግሞም ሰው «እንዲያውም...» ሲላችሁ አስጨርሱት።

እስቲ እናንተም... ሳታስጨርሱት የፈረዳችሁበት ሰው አለ? ስሙን አትጥሩ። ምን ብላችሁ ይቅርታ እንደጠየቃችሁት ብቻ ከታች ጻፉልኝ።