ትልቁ ወፍጮ

ባለሱቁ አንድ እፍኝ የገብስ ብቅል በወፍጮው አፍ ላይ አፈሰሰና «በል፣ ዘውር» አለው ከእናቱ ጋር የመጣውን ጎልማሳ።

ልጇ የጃኬቱን እጅጌ ሰብስቦ እጀታውን ያዘ። እናቱ አጠገቡ ቆማ ጣቶቹን ታያለች። ይንቀጠቀጣሉ። ቢሆንም ካለፈው ወር ይሻላል አለች በልቧ፤ ባለፈው ወር ሸሚዙን የምትቆልፍለት እሷ ነበረች።

ብረቱ ኩርሽም፣ ኩርሽም አለ። የተሰነጣጠቀው ገብስ ከታች በተቀመጠው ሳህን ላይ ወረደ።

«እንዴ፣ ይሄማ መች ፈጨው!» አለች ጎንበስ ብላ። «ግማሹ እንዳለ ነው እኮ። ወፍጮህ ጥርስ የለውም እንዴ?»

«ከእኔ የተሻለ አለው፣ እማማ» ብሎ ባለሱቁ ሳቀ። እውነትም የፊት ጥርሶቹ ሁለቱ የሉም።

ልጇ ከሳህኑ ላይ ዘግኖ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘላት። «እማዬ፣ ለቢራ የሚፈለገው ይሄው ነው። መሸርከት ብቻ። ውስጡ ይሰበራል፣ ገለባው ሳይደቅ ይቀራል። ኋላ እንደ ወንፊት ሆኖ ፈሳሹን የሚያጠልለው ገለባው ነው። ዱቄት ካደረግሽውማ ሊጥ ይሆንና ይደፈናል፤ ጠብ አይልልሽም።»

ይህን ያህል ቃል ባንድ ትንፋሽ ካፉ ሲወጣ ከሰማች ቆይታለች። ዐይኑም በርቷል። ቢራ የሚባለው ነገር ደመኛዋ ነው፤ ልጇን ከሚሠራበት ፋብሪካ ያስባረረው፣ ሚስቱን ያሸሸው፣ ሴት ልጁን በአያት ጉያ ያስቀረው እሱ ነው። «እየጠመቅሁ መታጠፊያው ላይ ላለው ምግብ ቤት አስረክባለሁ፤ እኔ አልቀምስም» ሲላት ግን፣ ሥራ የያዘ እጅ ብርጭቆ አይይዝም ብላ እሺ አለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ እሷ እባቡን ራሱን በካርቶን አሳሽጋ ቤቷ ልታስገባ መጥታለች። ጠዋት የልጅ ልጇ የትምህርት ቤት ጫማዋን እያሰረች «አባዬ ሥራ ሊጀምር ነው አይደል?» ብላ ስትጠይቃት «አዎ» ብላታለች። ሳታመነታ ነው ያለቻት፤ እሱ ነው አሁን የሚከነክናት።

«ይሄ ትንሹ ነው» አለ ባለሱቁ። ጓዳ ገብቶ ሌላ ወፍጮ አቅፎ መጣና ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረገው። «ይሄ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ። ባልዲ ሙሉ ገብስ ይውጣል፣ ሞተር ይገጠምለታል። ለሽያጭ ነው ለቤት?»

«ለሽያጭ!» አለች እናትየው፣ ልጇ አፉን ሳይከፍት።

«እንግዲያው ትልቁ ነዋ። በትንሹ ለምግብ ቤት እጠምቃለሁ ካልክ ክንድህ ተገንጥሎ ይቀራል። ትንሹ ብቻውን ለሚጠጣ ሰው ነው።»

ባለሱቁ ክፋት የለውም። ለማንም ሰው እንደሚለው ነው ያለው።

ልጇ ትልቁን ዞር ብሎም አላየው። እጁ ከትንሹ እጀታ ላይ አልተነሣም። «ትንሹ ይበቃል» አለ።

«ምኑ ነው የሚበቃው? ሰውየው የሚልህን አትሰማም? ምግብ ቤቱስ?»

«ቀስ እያልኩ፣ እማዬ። ለጅምሩ ነው።»

«ለጅምሩም ትልቁ ነው! የምከፍለው እኔ፣ አንተ ምን ቸገረህ? ሳሎኑን እለቅልሃለሁ። ሶፋውን አስወጣዋለሁ፤ ማን ሊቀመጥበት? ሞተሩ እምቢ ካለ እኔ እዘውርልሃለሁ፣ ክንዴ ገና አልሞተም።» ቢራ እንዲበዛ ስትለምን ለራሷ ጆሮ እንግዳ ሆነባት፤ ግን አላቆመችም። «ባልዲ ሙሉ ይውጣል እያለህ! ውሰደው፣ የኔ ጌታ። ትልቁን ውሰድልኝ።»

«እናት እንዲህ ናት እንጂ!» አለ ባለሱቁ። «የእኔዋ ጠርሙስ ካየች ግድግዳ ላይ ነው የምታላትመው።»



እናትየው ወደ ልጇ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ባለምግብ ቤቱን አነጋግረኸዋል?»

ልጇ ሳህኑ ላይ ያለውን ሽርክት በጣቱ ወደ አንድ ጥግ ሰበሰበ፤ ከዚያ መልሶ በተነው። «ሰሞኑን ሄጄ አነጋግረዋለሁ።»

«አላነጋገርከውም ማለት ነው።»

«እማዬ፣ እባክሽ። ሰው ፊት።»

ቀና ብላ ዐይኑን አየችው። ቢዋሻት እንኳ ደስ ይላት ነበር፤ ልጇ የሚዋሽበት ጉልበትም አልቆበታል።

ቦርሳዋን አንሥታ ልትወጣ ትችላለች። ታዲያ ባዶ እጁን ከዚህ ሲወጣ የት እንደሚገባ ታውቀው የለም? መንገዱን ተሻግሮ ነው የመጠጥ ቤቱ በር። ቤት ውስጥ ከሆነ ቢያንስ ከየቦዩ አትለቅመውም። ቢያንስ ጫማውን አውልቃ ብርድ ልብስ ታለብሰዋለች። ልጅቷን ደግሞ በጊዜ ታስተኛታለች፣ በሩን ዘግታ።

«ትንሹን አሽግልን» አለች።

ባለሱቁ ትከሻውን ነቅንቆ ወፍጮውን ካርቶን ውስጥ ከተተው። «የመጀመሪያውን እፍኝ ፈጭታችሁ ድፉት» አለ ገመዱን እያጠበቀ። «ብረቱ የማሽን ዘይት አለው፤ ሆድ ያማል።»

«ሰማህ?» አለች ልጇን። «ትደፋዋለህ። እንዳትረሳ።»

ደጁን ካፊያ አርሶታል፣ የሱቁ ደረጃ ያዳልጣል። ልጇ ካርቶኑን ታቅፎ ወጣ፤ እግሩ የሚረግጠውን ስለጋረደበት በዳበሳ መውረድ ጀመረ።

«ቀስ! ቀስ በል ልጄ፣ እንዳይወድቅብህ» አለችና ቀድማው አንድ ደረጃ ወረደች። ዞራ መዳፎቿን ከካርቶኑ ሥር አስገባች። እሱ ወደ ፊት፣ እሷ ወደ ኋላ እየረገጡ ወረዱ፤ ክብደቱ ወደ እሷ አዘነበለ።